አሥራ አንድ ዋት ተኩል

እናቴ የወደቀች ዕለት አላለቀስኩም። ሆስፒታል ስደርስ አልጋዋ አጠገብ አንድ የመድኃኒት ፓምፕ ቆሞ ነበር። ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ይህን ያህል ቮልት፣ ይህን ያህል አምፒር ትላለች። በሐሳቤ አባዛሁት። ዋቱን ካገኘሁ በኋላ ነው ቀና ብዬ የእናቴን ፊት ያየሁት። ቀኝ ጎኗ ከድቷታል፣ አፏ ወደ አንድ ወገን ዘምሟል፣ ቃል አልወጣ ብሏታል። ዐይኖቿ ግን ያው የድሮዎቹ ነበሩ፤ እኔን እኔን ያያሉ።

ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ ጠንካራ ነሽ» አለኝ። ጠንካራ አይደለሁም፤ ደንዝዤ ነው። የጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው መንጋጋ ሲነኩት ይታወቃል፣ ግን የሌላ ሰው መንጋጋ ይመስላል። ብዙ ወራት እንደዚያ ነበርኩ። ሐዘኑ እንዳለ አውቃለሁ፤ የት እንዳለ ነው ያጣሁት።

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ሐይፋ አጠገብ ባለችው ቲራት ካርሜል፣ የኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ማሽን ሲቆም እኔን ይጠራሉ። ሙያውን ስንማር አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሥሎ ከላይ ቮልት፣ ከታች ግራና ቀኝ አምፒርና ኦም ጻፈ። የምትፈልጉትን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት፣ የቀረው ሒሳቡን ይነግራችኋል አለን። ኦሙን ስሸፍን ቮልት ለአምፒር ሲካፈል ይቀራል። ቮልት የሚገፋው ነው፤ አምፒር የሚያልፈው ነው፤ ኦም ደግሞ አታልፍም የሚለው፣ ተቃውሞው። ቮልቱንና አምፒሩን ያባዛ ሰው ዋቱን ያገኛል፤ ይኸውም ያ ሁሉ ግፊትና ማለፍ ምን ያህል ሥራ እንደሠራ ነው፤ ምን ያህል እንዳሞቀ፣ እንዳበራ፣ እንዳዞረ። ትምህርቱ አንድ ገጽ አይሞላም። እኔ ግን እስከ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው።

እናቴ ከወደቀች በኋላ ደግሞ መደበቂያዬ ሆነ። የወላጆቼ ቤት በሄድኩ ቁጥር ከቦርሳዬ መለኪያዬን አውጥቼ ያገኘሁትን መለካት ያዝኩ። የሳሎኑ ማሞቂያ ስምንት ነጥብ ሰባት አምፒር ይስባል፤ በሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት ሲባዛ ሁለት ሺህ ዋት፤ ሲካፈል ሃያ ስድስት ኦም ከምናምን። ይህን ማወቅ ለማንም አይጠቅምም። እኔን ግን ያረጋጋኛል፤ ሒሳቡ ሁልጊዜ ይገጥማላ።

ወላጆቼ የሚኖሩት ኔቬ ዮሴፍ በሚባል የሐይፋ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ የምኖረው አጠገቡ ባለችው ነሸር ነው፤ በመኪና ቅርብ ነው። ወንድሞቼ ደቡብ ስላሉ በስልክ ይመክራሉ። ምክር በስልክ ቀላል ነው።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። አባቴን እንደ ጥንቱ «እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ እናቴን አንቺ። እሳቸው ባደጉበት በጎንደር ገጠር፣ በእኛ በአይሁዶቹ መንደር፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ውስጥ ያለ እሳት ሁሉ ይጠፋ ነበር። ቀድሞ የተለኮሰም ቢሆን በሰንበት ሲነድ አያድርም። ቀዝቃዛ ዳቦ በጨለማ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጸለያል። ሐይፋ ስንመጣ ጎረቤቶቻችን ሌላ ሥርዓት ነበራቸው፤ መብራቱን ዓርብ አብርተው ይተውታል፣ ምግቡን ፕላታ የሚሉት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ያሳድሩታል። እናቴ ፕላታውን ባየችበት ቀን ወደደችው። «ከመቼ ወዲህ ነው ሙቅ ወጥ ኃጢአት የሆነው?» አለች። ጨለማም ስለምትፈራ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አምፖል ሰንበትን ሙሉ እንዲበራ አስፈቀደች። አባቴ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ፈቀዱ። እናቴን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም ነበር።

እናቴ የወደቀችው በሰንበት ጧት ነው፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ እዚያ አምፖል ሥር።

ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ አባቴ በሩ አጠገብ ያለውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፍተው ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳቡት። አምፖሉ፣ ፕላታው፣ ማቀዝቀዣው፣ ሁሉም ዝም አለ። ሰንበት ወጥቶ ከዋክብት እስኪታዩ አልነኩትም። በሚቀጥለውም ዓርብ እንደዚያው፤ በሚቀጥለውም። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም፤ ለእኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረጃው ላይ እየተነፈሱ ሲያርፉ ነገሩኝ።

«በእኔ ምክንያት ነው፤ እሳቱን የፈቀድኩት እኔ። እንግዲህ አፏ እስኪመለስ ድረስ እቤቴ ሰንበት ላይ ምንም አይነድም። ተስያለሁ።»

እግዚአብሔር ከመብራት መሥሪያ ቤት ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ልነግራቸው አማረኝ። የደም ሥር ነው የተደፈነው፣ አምፖል አይደለም ልላቸው ፈለግሁ። ግን ተውኩት። ስለት ውስጥ የገባ ሰው ሒሳብ አይሰማም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከማቀዝቀዣው ውስጥ ቀልጦ የተገኘውን እንበላለን፤ አንድ ሰሞን ዓሣ ብቻ በልተን ልንዋኝ ደርሰን ነበር።

ማቀዝቀዣውስ ይቅር፤ ችግሩ ፍራሹ ነው። እናቴ ራሷን ማገላበጥ ስለማትችል የጤና መድን ድርጅቱ በአየር የሚሠራ ፍራሽ ሰጣት። በውስጡ ቱቦ መሳይ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ከአልጋው እግር ሥር የተሰቀለች ትንሽ ፓምፕ ግማሾቹን ስትነፋ ግማሾቹን ታስተነፍሳለች፣ ትንሽ ቆይታ ትገለብጠዋለች። እንዲህ እያለ የሰውነቷ ክብደት አንድ ቦታ ላይ አይረጋም። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ፍራሹ ቀስ እያለ ይሟሽሻል። ያኔ እናቴ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ በተኛችበት ጎን ትቀራለች ማለት ነው።

አሖቷ፣ ማለት እሑድ እሑድ የምትመጣው ነርስ፣ የእናቴን ዳሌ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ቅላቱ አልጠፋ አለ። በሌላው እሑድ ቆዳው ተከፍቶ ነበር። እንደ ሳንቲም የሰፋች እርጥብ ቁስል።

«ፍራሹ ሁልጊዜ ይሠራል?» አለች በዕብራይስጥ።

አባቴ ወለሉን አዩ። እኔ «ከሰንበት በስተቀር» አልኩ።

አሖቷ ደግ ሴት ናት፤ አልተቆጣችም። ጓንቷን እያወለቀች እንዲህ አለችን፦ «ስሙኝ። ይህ ከጠለቀ ሆስፒታል ትገባለች። ከሆስፒታል ወደዚህ ቤት መልሰው የሚልኳት አይመስለኝም። ቤት አቮት ያስገቧታል።»

ቤት አቮት ሽማግሌዎችን የሚያኖሩበት ቤት ነው። የአባቴ ዕብራይስጥ ገበያ ላይ ያልቃል፤ ይችን ቃል ግን ያውቋታል። ከሰፈራችን ሰዎች እዚያ ገብቶ የተመለሰ አላዩም። አሖቷ ከወጣች በኋላ አልጋው አጠገብ ቆመው «ከቤቴ አትወጣም» አሉ። ለማን እንዳሉት አላወቅሁም። እኔን አላዩኝም።

«እንግዲያው ማጥፊያውን አይንኩት» አልኳቸው።

«ተስያለሁ አልኩሽ።»

የሰፈሩ ረቢ ለነፍስ ሲባል ይፈቀዳል እንደሚሉ ነገርኳቸው። ረቢው ለራሳቸው ይወቁ አሉ። የእኛው የኢትዮጵያ አይሁዶች ቄስ ጋ ደወልኩ። ቄሱም ነፍስ ከሰንበት ይቀድማል ብለው በስልክ አስረዷቸው። አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፣ አመሰገኑ፣ ዘጉት። «መልካም ሰው ናቸው» አሉኝና ወደ መቀመጫቸው ሄዱ። ዓርብ ሲመሽ ማጥፊያውን ሳቡት።

እዚህ ላይ መናደድ ነበረብኝ። ሰው አባቱ ላይ «እናቴን ገደልካት» ብሎ የሚጮኽበት ጊዜ ነው። አልተናደድኩም። እሑድ ስመጣ ቦርሳዬን ከፈትኩና መለኪያዬን አወጣሁ።

የፓምፗን ገመድ ለካሁ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት አምፒር ትስባለች። ሁለት መቶ ሠላሳ ሲባዛ በዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት፣ አሥራ አንድ ዋት ተኩል። ሲካፈል አራት ሺህ ስድስት መቶ ኦም። እርግጥ ፓምፕ እንደ ማሞቂያ አይደለም፤ ውስጡ ጥቅል ሽቦ ስላለ ሒሳቡ ትንሽ ይወላገዳል፤ ለእኔ ጉዳይ ግን ይበቃል። ትንሽነቷ ገረመኝ። ያ ሁሉ ቁስል፣ ያ ሁሉ ቤት አቮት፣ ያ ሁሉ ስለት በአሥራ አንድ ዋት ተኩል ምክንያት ነው። ሰንበት ከመግባቱ በፊት ጀምሮ እስኪወጣ ሃያ አምስት ሰዓት እንበል፤ ሲባዛ ሦስት መቶ ዋት ሰዓት አይሞላም። ለአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ ይህ ምንም ማለት አይደለም። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥንም የራሱን ይበላል፤ ባትሪም እስከ ጥጉ አይሟጠጥም፤ ሁሉን አስቤ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ትልቅ ባትሪ ገዛሁ። ዋናው ማጥፊያ ይውረድ፤ ቤቱ ይጨልም፤ ስለቱም ይጠበቅ፤ ፍራሹ ብቻ ይሥራ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደስታው ጭንቅላቴ ላይ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ባትሪውን ተሸክሜ ሦስቱን ፎቅ ወጣሁ። አልጋው ሥር አስቀመጥኩት፣ ገጣጠምኩት፣ አበራሁት። ፓምፗ ማጉረምረም ጀመረች። እናቴ ከላይ ሆና ታየኛለች። አባቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጠጋ ብለው አዩት፣ አዳመጡት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሳጥኑ ላይ አሳረፉ።

«ሞቋል» አሉ።

«ትንሽ ይሞቃል።»

«ለምን?»

መዋሸት እችል ነበር። የቀኑ ሙቀት ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ግን የማውቀው ነገር ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ከዋሸሁ ምን ይቀረኛል? «ሽቦ ኤሌክትሪክን ትንሽ ይቃወማል አባዬ። ተቃውሞ ባለበት ሲያልፍ ይሞቃል። ትንሽ ተቃውሞ፣ ትንሽ ሙቀት። የትም ቦታ እንዲሁ ነው።»

«የፕላታውም?»

«የፕላታውም። እሱ ሺህ ዋት ይሆናል፤ ይሄ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ጧፍ እንኳ ከዚህ ይበልጣል።»

«ስለዚህ እሳት ነው» አሉ፤ ደስ ሳይላቸው፣ በሽታ እንደሚናገር ሐኪም። «ትንሽ እሳት ነው። ጧፍም ትንሽ እሳት ነው፣ ግን እናጠፋዋለን።»

«እንደዚያ ከሆነ እርስዎም እሳት ነዎት። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ መቶ ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ተምሬዋለሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዘጠኝ ፓምፕ ያህል ይነድዳሉ።»

ሳቁ። እናቴ ከወደቀች ወዲህ ሲስቁ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ጥቂት ጥርስ ነው የቀራቸው። «እኔን ያበራኝ ፈጣሪ ነው፣ ማጥፋትም የእሱ ነው። ይሄን ግን ያበራሽው አንቺ።»

 ከአልጋው ላይ ድምፅ ሰማሁ መሰለኝ፤ እናቴም የምትስቀው በአፏ ግማሽ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቀይ ማብሪያ አሳየኋቸውና አጠፋሁት፤ ሲጠፋ ፓምፗ እንደ ወትሮው ከግድግዳው ትስባለች። ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያብሩት፣ ከዚያ አይንኩት፣ እስከ ቅዳሜ ማታ አያልቅም፤ ቁስሉ ከጠለቀ እንደሚወስዷት ያውቃሉ አልኳቸው።

«ቤሰደር» አሉ።

ቤሰደር ዕብራይስጥ ነው፤ እሺ፣ ይሁን ማለት ነው። አባቴ ሲሉት ግን ሰምቼሻለሁ፣ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ ማለት ነው። ይህን ዕድሜዬን ሁሉ አውቃለሁ፤ ሆኖም ተነስቼ ሄድኩ። ዓርብ ማታ እነሱ ዘንድ አልሄድም። በጨለማ መቀመጥ አልወድም፤ ሒሳቡንም ጨርሻለሁ።

እሑድ አሖቷ ቁስሉን ገልጣ አየችውና «ደርቋል! ምን አደረጋችሁ?» አለች። ጠርዙ ገብቷል፣ ቅላቱ ቀንሷል። እኔ ስለ ባትሪዬ ነገርኳት፤ ጎበዝ አለችኝ። አባቴ ውኃ ሊጠጡ ብርጭቆ አነሱ፤ አፋቸው ሳይደርስ ክንዳቸው ዝሎ ውኃው ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

አሖቷ ስትሄድ አልጋው ሥር ገብቼ ባትሪውን ለካሁ። ምን ያህል እንደተጠቀመ ላውቅ ፈልጌ ነበር። ሃያ አምስት ሰዓት የሠራ ባትሪ ቮልቱ ወርዶ መገኘት አለበት። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት አሳየኝ። ሙሉ ነው፤ ሐሙስ እንዳስቀመጥኩት። መለኪያዬ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ቦታ ሞከርኩት፤ ደህና ነው። ባትሪው ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልበራም ማለት ነው።

ቁስሉ ግን ደርቋል።

አባቴ እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «አባዬ፣ ይሄ እንዴት ሆነ?» ማለት ብቻ ነበር። መለኪያዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሥራ ላይም ሳለሁ፣ ማሽን ሥር ተኝቼ፣ ያ አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ትዝ ይለኝ ነበር። የማይገጥም ሒሳብ እንቅልፍ ይነሳኛል። በሚቀጥለው ሰንበት፣ ወደ እኩለ ቀን ገደማ፣ መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። በሰንበት መንዳቴን አባቴ ያውቃሉ፤ እንደሚያውቁም አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዳያዩኝ ከቁልቁለቱ ግርጌ አቁሜው በእግሬ ወጣሁ። ይዘንብ ነበር።

በሩ አልተቆለፈም። ቤቱ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነበር። ከመኝታ ቤት የአባቴ ድምፅ በግዕዝ ሲጸልይ ይሰማል። እየጸለዩ እንዳሉ መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ።

አባቴ አልጋው ላይ በጉልበታቸው ቆመዋል፣ በካልሲ። እናቴ የተኛችበትን አንሶላ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ጸሎቱን ጨረሱ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ «በይ የኔ ዓለም» አሏትና ሳቧት። እናቴ በቀስታ ከግራ ጎኗ ወደ ጀርባዋ፣ ከጀርባዋ ወደ ቀኝ ጎኗ ዞረች። በአንድ እጃቸው ደግፈዋት በሌላው ትራስ ከኋላዋ አስገቡ፣ በጉልበቶቿ መካከል ሌላ ትራስ። ከዚያ ቁስሉ ያለበትን ቦታ ሳይነኩ ወገቧን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሰዓት አያዩም፤ ያ ጸሎት ሲያልቅ ያገላብጧታል፣ ካገላበጧት በኋላ እንደገና ይጀምሩታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

አልደነገጡም። «ትናንት ከመሸ ጀምሮ።»

«ያለፈውም ሰንበት?»

«ያለፈውም።»

«አልተኙም?»

«ለእንቅልፍ ሌላ ቀን አለ።»

ፊታቸው አመድ መስሏል። የእናቴን ክብደት አውቃለሁ። የሳቸውንም ዕድሜ አውቃለሁ። ሳላስበው ጭንቅላቴ ማባዛት ጀመረ፤ ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህን ያህል ጊዜ፣ ይህን ያህል ሰዓት። አልጨረስኩትም። ትራሱን ሊያስተካክሉ ሲያነሷት የቀኝ ክንዳቸው ከዳቸው፤ እናቴ ወደ አልጋው ጠርዝ ተንሸራተተች፤ ሮጬ በትከሻዬ ያዝኳት። ከእሳቸው ጋር ሆነን መለስናት። አባቴ ከአልጋው ወረዱ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«አልቻልኩም ልጄ» አሉ። «አቅም አነሰኝ። ይወስዷታል። ይወስዱብኛል።»

አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው፣ ሳሎን ወስጄ ሶፋው ላይ አስተኛኋቸው፣ ካፖርታቸውን አለበስኳቸው። «እኔ አለሁ» አልኳቸው። ዐይናቸው ወዲያው ተከደነ።

ወደ እናቴ ተመለስኩ። ባትሪው አልጋው ሥር፣ ሙሉ እንደሆነ አለ። ቀዩ ማብሪያ ጣቴን ዘርግቼ የምደርስበት ቦታ ላይ ነው። ብጫነው ፓምፗ ትነሳለች፣ እስከ ማታ ትሠራለች፣ አባቴ እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ አያውቁም። ማታ ሳይነቁ አጠፋዋለሁ። ቁስሉ ይድናል፣ እሷም ከቤት አትወጣም፣ እሳቸውም አንሶላ ሲጎትቱ አይሞቱም። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ።

እናቴ በግራ እጇ እጅጌዬን ያዘች። ይህ ደህናው እጇ ነው። አጠባበቋ እንደ ልጅነቴ ነበር፣ መንገድ ስንሻገር።

«እማዬ፣ ላብራው?»

ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም።

«ሰንበት ስለሆነ ነው?»

አይደለም።

«አባዬ እንዳይከፋቸው ነው?»

አይደለም። ትዕግሥቷ አልቆ ዐይኗን ጨፈነች፤ ድሮም እንዲህ ስታደርግ ያልገባሽ ነገር አለ ማለቷ ነው። ከዚያ እጅጌዬን ለቀቀችና እጄን ራሱን ያዘችው። ሳበችው። ወደ ኋላዋ፣ ቅድም የአባቴ መዳፍ ወዳረፈበት ወደ ወገቧ ወስዳ አስቀመጠችው፣ ከላይ የራሷን ጫነችበት። እንዳላነሳው።

ቀስ ብሎ ገባኝ። ከሰንበት በስተቀር ፍራሹ ነው የሚያገላብጣት። ጧት ጧት የምትመጣው ሜታፔሌት፣ ማለት አስታማሚዋ፣ በጓንት ታጥባት ትሄዳለች። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ያሳምማታል ብለው ፈርተው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩዋታል። እኔ ደግሞ ስመጣ ፓምፗን አያለሁ፣ ቱቦውን እፈትሻለሁ፣ ገመዱን እለካለሁ፣ ደህና ነው እላለሁ፣ እሄዳለሁ። ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ሽቦ ሁሉ በእጄ ነክቻለሁ። እሷን ግን እስከ ዛሬ አልነካኋትም። ሰው የሚነካት በሰንበት ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ አመመኝ። የት እንዳመመኝም አወቅሁ፤ ደረቴ ውስጥ፣ ልክ መሐል። እጄ ሥር ወገቧ ይተነፍሳል፤ ቆዳዋ ሳስቷል፣ አጥንቷ ይቆጠራል። እናቴ ይህን ያህል መክሳቷን የማንም መለኪያ አልነገረኝም ነበር።

«እሺ» አልኳት። «ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ። ከአባዬ ጋር እንፈራረቃለን። በሌላውም ቀን እመጣለሁ።»

ግማሽ አፏ ፈገግ አለ። ከሳሎን የአባቴ ማንኮራፋት ይሰማል። ጸሎቱን አላውቀውም፤ ስለዚህ ሲደክማት በዐይኗ እንድትነግረኝ ተስማማን። ብዙም ሳይቆይ ነገረችኝ። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁ፣ አባቴ እንዳደረጉት በጉልበቴ ቆምኩ፣ አንሶላውን በሁለት እጄ ጨብጬ ሳብኩና ወደ እኔ አዞርኳት።